የሞተር ብስክሌት ፈቃድ

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሞተር ብስክሌት ይነዳ ዘንድ አልተፈቀደለትም፤ ተፈትኖ ኤም የተባለውን ፈቃድ ማስጨመር አለበት። አንዳንዶች ግን ለመለማመጃ በተሰጣቸው ወረቀት ብቻ እየነዱ ይቀራሉ። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለንም። በቀና ጐዳና መፍጠን ቀላል ነው፤ በፈተናው ግን በዝግታ በጠባብ ክብ መዞር ስላለ በሰው ፊት መውደቅን ይፈራሉ። በዚህ ወረቀት ሰው ማፈናጠጥም በሌሊት መንዳትም ክልክል ሲሆን፥ ሚስታቸውን ከኋላ አስቀምጠው ይሄዳሉ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ ሰው በሞተበት አደጋ ከነበሩት የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ከመቶ 36ቱ ተገቢ ፈቃድ አልነበራቸውም። እንግዲህ ሚስቲቱ ከመፈናጠጧ በፊት «ወረቀትህን አሳየኝ» ብትለው ነውር የለበትም። በግዛቱ የታወቀውን የሞተር ብስክሌት ትምህርት የጨረሰ ሰው የመንዳት ፈተናው ስለሚቀርለት፥ ፈተናውን ፈራሁ ሊላት አይችልም።