ያልተሠራ አውሮፕላንም ዋጋ አለው

ቦይንግ «አዲስ መካከለኛ አውሮፕላን ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ» እያለ ማመንታት ከጀመረ ዐሥር ዓመት አለፈው። ገና ሳይወለድ ዓለም 797 ብሎ ስም ያወጣለት ይህ አውሮፕላን ከ225 እስከ 275 መንገደኛ ጭኖ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲበር፣ በ737 እና በ787 መካከል ያለውን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበ ነበር። ክፍተቱን የፈጠረው ራሱ ኩባንያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የ757ን ምርት አቆመ። 757 በሞተሩ ጉልበት የታወቀ፣ እንደ ቦሌ ካለ አየሩ ከሳሳበት ከፍታ ለመነሣት የማይቸገር አውሮፕላን ስለሆነ የእኛም አየር መንገድ ለዓመታት አብርሮታል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ግን የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ካልሁን የ797ን ጥናት ወደ ኋላ መለሱት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚህ ዐሥር ዓመት ውስጥ አዲስ አውሮፕላን እንደማይታሰብ ተናገሩ። ውሳኔው አስተዋይነት ተብሎ ተመሰገነ። እኔ ግን ሒሳቡ ጎዶሎ ነው እላለሁ፤ የመሥራትን ወጪ ቆጥሮ ያለመሥራትን ወጪ ዘሏልና።

ያለመሥራት ወጪ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 2011 (እ.ኤ.አ.) መመለስ ይበቃል። ቦይንግ 737ን በአዲስ አውሮፕላን ለመተካት እያሰበ ሳለ የረጅም ጊዜ ደንበኛው አሜሪካን ኤርላይንስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርባሶችን አዘዘ። ቦይንግም ደንግጦ አሮጌውን ጥገት ላም ማለብ መረጠ፤ 737 ሞተሩ ተቀይሮ «ማክስ» ተባለ። 737 ግን መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ እግሩ አጭር፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ ነው። ግዙፉ ሞተር ከክንፉ ሥር አልገባ ሲል ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፋ፤ ይህ የለወጠውን የበረራ ጠባይ እንዲያርም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ፤ ሶፍትዌሩም በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ኢንዶኔዥያ ላይ አንድ ማክስ ተከስክሶ 189 ሰው አለቀ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው አጣን። «ኤርባስስ አሮጌውን ኤ320 ሞተር ቀይሮ አይደል የሸጠው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ኤ320 ከ737 ሃያ ዓመት ዘግይቶ የተነደፈና ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ በመሆኑ አዲሱን ሞተር የሚይዝበት ቦታ ነበረው። መጣፍ የሚያዋጣው ጨርቁ ገና ጠንካራ ሳለ ነው።

የገንዘብ ክርክሩን ቀላል ነው አልልም። 787 ከታቀደው ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቶ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር በልቷል፤ ለዚህ ግን ትልቁ ምክንያት አዲስ መሆኑ ሳይሆን ንድፉና ሥራው በዓለም ዙሪያ ለተበተኑ አቅራቢዎች መከፋፈሉ ነበር። ደግሞስ ገንዘብ ጠፍቶ ነበር? እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2019 ድረስ ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በዚያ ገንዘብ ሁለት አዲስ አውሮፕላን ይሠራ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የዛሬው የዕዳ ክምር እውነተኛ ነው፤ የመጣው ግን አዲስ አውሮፕላን ከመሥራት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሞተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2030ዎቹ አጋማሽ ነዳጅ በእጅጉ የሚቆጥብ አዲስ ዓይነት ሞተር ይደርሳል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ ዛሬ የተሠራ አውሮፕላን ነገ ያረጃል ይባላል። ሞተር በትዕግሥት ይጠበቃል፤ መሐንዲስ ግን አይጠብቅም። ቦይንግ ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ መንገደኛ አውሮፕላን ለመሥራት ለመጨረሻ ጊዜ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያኔ የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ነዳፊ ዛሬ ጡረታ ደጃፍ ላይ ነው። ክንፍን ከአካል፣ አካልን ከፋብሪካ ጋር አስማምቶ የማሰብ ሙያ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው፤ ሥራ ከሌለ ተማሪም የለም። ምልክቱም እየታየ ነው፤ ከቀድሞው 777 የተወለደው 777ኤክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ ርክክቡ ወደ 2027 ተገፍቷል። እንግዲህ ንድፉን ዛሬ መጀመርና ሞተሩን ሲደርስ መግጠም ለምን አይቻልም?

ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኬሊ ኦርትበርግ በቅድሚያ ፋብሪካው ሥርዓት ይያዝ ማለታቸው ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በረራ ላይ ሳለ የአካሉ ቁራጭ የተነቀለ 737 ያየ ሰው ይህን አይቃወምም። ግን የሚነድፈውና ብሎን የሚያጠብቀው አንድ ሰው አይደለም። ገበያውን ኤርባስ ወስዶታል ለሚሉም፣ የተወሰደ ገበያ መኖሩ የተረጋገጠ ገበያ ነው። 787 ከውሳኔ እስከ ርክክብ ሰባት ዓመት ስለፈጀ፣ ወረቀቱ ዛሬ ቢዘረጋ እንኳ ደንበኛ አውሮፕላኑን የሚያገኘው እ.ኤ.አ. ከ2033 በፊት አይሆንም። ከ757 ትልልቅ ባለቤቶች አንዱ የሆነው ዩናይትድ ግን ያን ያህል አልጠበቀም፤ 797 ገና በጥናት ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ፣ ለአሮጌዎቹ ምትክ 50 ኤርባስ ኤ321 ኤክስኤልአር አዟል።