ክፉን ክፉ እንበል፤ ለክፉ ግን አንሸነፍ

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግም ትንሣኤ ነበር። የፋሲካው ቄጠማ ከየቤቱ ሳይጠረግ፣ አይኤስ የተባለው አሸባሪ ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲያርድና ሲረሽን የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። አገር የሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተተከለ፤ የልጅ ፎቶግራፍ ደረት ላይ ታቅፎ ተለቀሰ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንባውን አብሮ አፈሰሰ።

እንዲህ ላለው ሐዘንተኛ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት ይቀናናል። ሰው ማረድ ግን የሰው ክፋት ነው፤ በአምላክ ላይ አይላከክም። ክርስትና ክፋትን አያቃልልም፤ ምልክቱ መስቀል ራሱ ንጹሑ በግፍ የተገደለበት እንጨት ነው። ክርስቶስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። ስለዚህ ማልቀስ እምነት ማጣት አይደለም፤ ፍትሕ መጠየቅም በቀል አይደለም።

በቀል የገዳዩን ሥራ መቀጠል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሟቾቹን ሰማዕታት ስትላቸው ያወረሰችን ጥላቻን አይደለም፤ የሰማዕታት ቀዳሚ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሞተው ለወጋሪዎቹ እየጸለየ ነው።

አደራው በእኛ እጅ ነው። ለቅሶ መድረሳችን በአርባው አያብቃ፤ ልጅ ያጡ ወላጆችን እንጡር። ወጣቱን ለስደት፣ ለደላላና ለበረሃ የዳረገውን ችጋር እንጋፈጥ። ሰውን በሃይማኖቱ ወይም በብሔሩ የሚያሳድድ እጅ በገዛ ቤታችን ሲነሣም ዝም አንበል። ክፉ የሚሸነፈው እንዲህ ነው።