ኪያር በመቀሌ ጓሮ፦ የመትከያውን ወቅት የሚወስነው ሙቀቱ ነው ወይስ ውሃው?

በመቀሌ ከተማ የጓሮ አትክልት ልማት ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ መንገድ ተዘግቶ፣ ነዳጅ፣ ባንክና ስልክ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት፣ ከቤት ደጃፍ የሚቀነጠስ ጎመን ለብዙ ቤተሰብ ምን ማለት እንደነበር ነዋሪው ያውቀዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ መንገዱ ቢከፈትም የጓሮ አትክልት ፍላጎቱ አልጠፋም። ከቆስጣና ከሰላጣ ጎን ኪያር ወይም በተለምዶ ኩከምበር የሚባለውን አትክልት ለመትከል የሚሞክሩም አሉ። ጥያቄው መቼ ይተከል የሚለው ነው።

የውጭ አገር ምክር ለምን አይሠራም?

መካከለኛ የአየር ንብረት ላላቸው የሰሜኑ ዓለም አገሮች የሚሰጠው ምክር አመዳይ ካለፈና አፈሩ ከሞቀ በኋላ፣ በግንቦት አካባቢ መዝራት ነው። ለእነሱ ትክክል ነው፤ ክረምታቸው በረዶ፣ በጋቸው ሞቃት ነውና። ይህንኑ ወር እንዳለ ወስዶ በመቀሌ የሚዘራ ሰው ግን ይሳሳታል። በግንቦት የተዘራ ኪያር አብቦ ፍሬ መያዝ የሚጀምረው በሐምሌ ከባድ ዝናብ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ሲረጥብ የሻጋታ በሽታ ይይዘዋል፤ ንብ በዝናብ ስለማትወጣም አበባው በቂ ብናኝ አያገኝም። ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል።

መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ወይና ደጋ ከተማ ናት። የኪያር ዘር በደንብ ለመብቀል የአፈሩ ሙቀት ቢያንስ 16 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስለት ይገባል፤ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ቅዝቃዜ እድገቱን ያስረዋል። ስለዚህ ኅዳር አጋማሽ ሲደርስ ፍሬው ተለቅሞ ማለቅ አለበት። በቆላማው የራያ ሸለቆ የሚያመርት ገበሬ የሚከተለው የጊዜ ሰሌዳ ለመቀሌ የማይሆነውም በዚሁ የከፍታ ልዩነት ምክንያት ነው።

የበልጉ ምርጫ ዋጋ

ከሙቀት አንጻር ብቻ ከታየ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ምቹ ነው። ሌሊቱ ሞቅ እያለ ይሄዳል፤ የሻጋታ በሽታም ይቀንሳል። ችግሩ ውሃው ነው። በመቀሌ የበልግ ዝናብ አይታመንም። የከተማዋ የቧንቧ ውሃም በፈረቃ የሚመጣ ሲሆን፣ ለችግሩ መፍትሔ ይሆናል የተባለው የጊባ ግድብ ሥራ በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ዓመታት ባክነዋል።

ስሌቱን እንመልከት። አራት የኪያር ተክሎች በአማካይ በቀን 10 ሊትር ቢጠጡ፣ በ75 ቀን 750 ሊትር ይፈልጋሉ። ይህም ባለ 20 ሊትር 38 ጄሪካን ገደማ ነው። ከአራቱ 30 ፍሬ ቢለቀም እንኳ ለአንድ ፍሬ ከአንድ ጄሪካን በላይ ውሃ ወጣ ማለት ነው። ውሃ በጄሪካን ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ኪሳራ ነው። ውሃ ቆጥቦ ማጠጣትም አያዋጣም፤ ኪያር ሲጠማ ፍሬው ይመርራል፣ ይጣመማል።

ከፍልሰታ እስከ ጳጉሜን

በዚህ ጸሐፊ እምነት ለአብዛኛው የመቀሌ ነዋሪ የሚያዋጣው በነሐሴ መዝራት ነው። ፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ዘሩን በችግኝ ማፍያ ላስቲክ ውስጥ በጥላ ሥር መዝራት፤ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ሥሩን ሳይነኩ ከነአፈሩ ወደ መደብ ማዛወር ይቻላል። በቀጥታ መሬት ላይ የሚዘራ ደግሞ ከአሸንዳ በዓል ዋዜማ እስከ ጳጉሜን ድረስ ጊዜ አለው። ኪያር እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ50 እስከ 70 ቀን ይፈጃል። ነሐሴ 15 የተዘራው ቢዘገይ እንኳ በጥቅምት 20 ፍሬ ይሰጣል። መስከረም ከገባ በኋላ የሚዘራ ግን ብርዱ ይቀድመዋል።

ይህ ወቅት ውሃውንም ይዞ ይመጣል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። በ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በክረምቱ 400 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 16 ሺህ ሊትር ይወርዳል፤ አብዛኛው ወደ ቦይ ይፈስሳል። ባለ 200 ሊትር ሁለት በርሜል ሞልቶ የያዘ ቤተሰብ ለአራት ተክል የ40 ቀን ውሃ አለው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ እርጥበቱ በአፈሩ ውስጥ ስለሚቆይም ይህ እስከ መልቀሚያው ሊያደርስ ይችላል። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ መደቡ ከፍ ይበል፤ በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ፤ ሐረጉም በእንጨት ድጋፍ ወደ ላይ ይውጣ። የዕቃ አጠባ ውሃ የሚጠቀም በረኪና የገባበትን ይተው፤ ኪያር በጥሬው የሚበላ በመሆኑም ውሃውን በሥሩ እንጂ በቅጠልና በፍሬው ላይ አያፍስስ።

ከመዝራት በፊት አሥር ፍሬ ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሙቅ ቦታ ማቆየት ይመከራል። በሳምንት ውስጥ ሰባት ካልበቀለ ዘሩ አርጅቷል። ድቃይ ዘር ከሆነም ከፍሬው የሚወጣውን ዘር ለከርሞ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ እናቱን አይመስልም።

ቅድሚያ ለማን?

አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም። ኪያር 95 በመቶው ውሃ ነው፤ የተራበን ቤት አያጠግብም። በርሜል ለሌለው፣ በተለይም በጠባብ መጠለያ ለሚኖር ተፈናቃይ ቤተሰብ፣ ቅጠሉ በተደጋጋሚ የሚቀነጠስ ጎመንና ቆስጣ ይቀድማል። ኪያር የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ስለዚህ የከተማ ግብርናን የሚደግፉ ተቋማት ዘርን ከበርሜል ነጥለው ባያዩት መልካም ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚታደል የኪያር ዘር የፈረቃ ውሃ ላይ የሚወድቅ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። በሰኔ የውሃ መያዣ፣ በሐምሌ መጨረሻ ዘር ከደረሰ ግን የመቀሌ ጓሮ በጥቅምት ኪያር ይለቀምበታል።