የቃሊቲ ውሃ ገዢ አጣ ወይስ ሻጭ?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አበው። በአዲስ አበባ ሕንፃ ያስገነባ ባለሀብት ሒሳቡን ሲዘጋ ይህ ተረት ትዝ ይለዋል። ሲሚንቶውና ብረቱ በኩንታልና በቤርጋ ተቆጥረው በደረሰኝ የገቡ ናቸው። የውሃ ቦቴ ግን ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት እያለ ስለሚገባ ምን ያህል ገንዘብ እንደበላ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ በሚወጣበት ከተማ፣ ወደ ቃሊቲ ወረድ ሲባል፣ ገንዘብ ወጥቶበት የተጣራ ውሃ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይለቀቃል። ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ዝም ማለት የለበትም።

ውሃ የእግዜር ስጦታ ነው፤ ቧንቧ ላይ የሚደርሰው ግን የፋብሪካ ምርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀውን የለገዳዲ ግድብ እንውሰድ። በክረምት ጎርፍ ከማሳው ጠርጎ የሚያመጣው አፈር ውሃውን ያደፈርሰዋል። አፈሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ብቻውን አይዘቅጥም። ስለዚህ የአዋሽ መልካሳው ፋብሪካ ሲያመርተው የቆየው አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል። ደቃቁ አፈር ተያይዞ ይከብድና ይዘቅጣል፤ ውሃው በአሸዋ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት ይወጣል። የለገዳዲ ውሃ በአብዛኛው በቁልቁለት ወደ ከተማ ሲወርድ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ግን በኤሌክትሪክ ተገፍቶ ሽቅብ መጓዝ አለበት። ኬሚካል፣ መብራት፣ መለዋወጫና የሰው ጉልበት የፈሰሰበትን ይህን ምርት ነው እኛ ለኮንክሪት ማጠጫና ለአቧራ ማስቀመጫ የምንደፋው።

ከተጠቀምንበት በኋላስ? በፍሳሽ መስመር የገባው ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። እዚያ የነበሩት የቀድሞዎቹ ኩሬዎች የታቀዱት በቀን ለ7,600 ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው አዲሱ ማጣሪያ አቅሙ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። አሠራሩ ከለገዳዲ ይለያል። በቃሊቲ ዋናዎቹ ሠራተኞች ባክቴሪያዎች ናቸው። በመጀመሪያ አየር በሌለው ገንዳ ውስጥ ያሉት ቆሻሻውን ይበሉታል፤ ቀጥሎ ፍሳሹ አየር በሚያገኝ ማጣሪያ ላይ እየተንጠባጠበ ሌሎቹ የተረፈውን ይጨርሳሉ። ዝቃጩ ለብቻው ይደርቃል። የሚወጣው ውሃ አይጠጣም፤ ነገር ግን የሚጠጣ ውሃ የማይጠይቅ ሥራ በዚህች ከተማ ሞልቷል።

ይህ ሕልም ነው የሚል ካለ የደቡብ አፍሪካዋን ደርባንን ይመልከት። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ የጀመረ አንድ ማጣሪያ የከተማውን ፍሳሽ በኦዞንና በካርቦን ጭምር አጥርቶ፣ በቀን እስከ 47,500 ሜትር ኩብ ለወረቀት ፋብሪካና ለነዳጅ ማጣሪያ እንዲያቀርብ የተሠራ ነበር። ገዢዎቹ ከመጠጥ ውሃ ባነሰ ዋጋ አገኙ። ከተማው ለነዋሪው የሚሆን ንጹሕ ውሃ ተረፈለት። ሥራውን የያዘው የግል ኩባንያ የ20 ዓመት ውል ስለነበረው ገንዘቡን ሳይፈራ አፈሰሰ። ሻጭ፣ ገዢና ውል ሲገናኙ ፍሳሽም ሸቀጥ ይሆናል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሥጋት አለ። ትልቁ ሥጋት የእኛው ገበያ ጠባይ ነው። ከቃሊቲ በርካሽ የተቀዳ ቦቴ ማታ ላይ ለመኖሪያ ሠፈር በመጠጥ ውሃ ዋጋ ቢሸጥስ? ይህ የሚሆን አይደለም ብሎ የሚምል ነጋዴ አላውቅም። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ለዚህ ሥራ የተፈቀደ ቦቴ ቀለሙ የተለየ ይሁን፤ የመጠጥ ውሃ እንዳይጭን ይከልከል፤ ሲጭንም ሲያራግፍም በደረሰኝ ይሁን። ውሃው ለኮንክሪት ማቡኪያ ይሁን ወይስ ለመንገድ ጥቅጠቃ ብቻ የሚለውን ደግሞ ላቦራቶሪ ይወስን። በወንዙ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎችም ከሒሳቡ መውጣት የለባቸውም፤ የተጣራው ውሃ ሁሉ በቦቴ ከተጫነ ለእነሱ የሚተርፈው የባሰ የቆሸሸው ነው።

ሌላም አለ። የቃሊቲ ጥሬ ዕቃ አቅራቢዎች እኛው ነን። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይቱን፣ ፋብሪካው አሲዱን በፍሳሽ መስመር ከደፋ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፤ ምርቱም ይበላሻል። ርካሽ ውሃ የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድሞ የራሱን ቱቦ ይመርምር።

የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ዋጋውንና የላቦራቶሪ ውጤቱን በየወሩ ለሕዝብ ያውጣ። ሥራ ተቋራጩም በጨረታ ሰነዱ ላይ ውሃን “ልዩ ልዩ ወጪ” ከሚለው መስመር አውጥቶ ለብቻው ይጻፈው። ይህን ያህል ቦቴ በየቀኑ በሚሮጥበት ከተማ ገዢ ጠፋ ማለት አይቻልም። የጠፋው በሩ ላይ ዋጋ የሚለጥፍ ነው።