የሕክምና ትምህርትና ቴክኖሎጂ በሐዋሳ፤ ከግዥው ባሻገር ያለው ጥያቄ

የሕክምና ሙያ በንባብ ብቻ አይገኝም። ተማሪው በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆሞ ከመምህሩ እጅ አይቶ የሚማረው ነው። አንድ መምህር በአንድ አልጋ ዙሪያ በአግባቡ ሊያስተምር የሚችለው ግን ጥቂት ተማሪዎችን ነው።

በሀገሪቱ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የነበሩት የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። በ1992 ዓ.ም ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመውና በ1998 ዓ.ም የአሁኑን ስያሜ የያዘው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቀጥለው ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመሩት አንዱ ነው። በ2004 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት በአንድ ጊዜ አስጀመረ። የተማሪው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ ሲያድግ የመምህራን ቁጥር በዚያው ልክ ሊያድግ አልቻለም።

ቴክኖሎጂው የተፈለገው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የሕክምና ትምህርት አጋርነት ፕሮግራም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ሐዋሳንና ሐሮማያን እንዲሁም የመከላከያ የጤና ኮሌጅን ያቀፈ ነበር። የክህሎት ማሠልጠኛ ላቦራቶሪዎችና የኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍት የፕሮግራሙ ዋነኛ ትኩረቶች ነበሩ።

የእነዚህ ላቦራቶሪዎች ጥቅም በቀላሉ የሚታይ ነው። ተማሪው የደም ሥር መርፌ መትከልን፣ ማዋለድን፣ ትንፋሽ ያጠረውን ጨቅላ መርዳትን በሰው አምሳል በተሠራ ሞዴል ላይ ደጋግሞ ይለማመዳል። የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው በፕላስቲክ ላይ እንጂ በአንዲት እናት ወይም በአንድ ሕፃን ላይ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በ1994 ዓ.ም የተጀመረው ሂናሪም የሕክምና መጽሔቶችን ለታዳጊ ሀገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያቀርባል። መስመሩ በተቋረጠበት ቀን ግን መጽሔቱ የለም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው ፕላዝማ እዚህ ላይ ሳይታወስ አይቀርም። ትምህርቱ በሳተላይት ወደ ገጠር ጭምር መድረሱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ማያው ተማሪውን አይጠብቅም፤ ጥያቄም አይቀበልም። በሕክምናም ቢሆን ሞዴሉ የተማሪውን ስህተት አይቶ የሚያርም መምህር ካልተመደበለት ከዕቃነት አያልፍም።

ለበጀት አዘጋጆች የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። መሣሪያው በእርዳታ ወይም በካፒታል በጀት ተገዝቶ በንብረት መዝገብ ይሰፍራል። ሞዴሉ በመርፌ ብዛት የሚያልቅ ቆዳ፣ ኮምፒዩተሩም የሚደክም ባትሪ አለው። መለዋወጫው፣ የጥገና ባለሙያው ደመወዝና የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ግን በየዓመቱ ከመደበኛ በጀት የሚጠበቁ ናቸው። የአጋርነት ፕሮግራሙ የተወሰነ ዘመን ነበረው፤ የሐዋሳው ሆስፒታል ግን ከሲዳማ ክልል አልፎ ከአጎራባች የኦሮሚያና የደቡብ አካባቢዎች የሚመጡ ሕሙማንን ዛሬም ያስተናግዳል፤ ተማሪዎቹም የሚለማመዱት በዚያው ነው።