የሰው ቁልፍ በቃላችሁ አትያዙ

በኮልፌ ቀራኒዮ ሰማይ ላይ የሚያልፈውን የመንገደኞች አውሮፕላን ስልካችሁ ላይ መከታተል ትችላላችሁ። ፍላይትራዳር24ን ስትከፍቱ ከፍታውና ፍጥነቱ ይመጣል። ይሄ ጠለፋ አይደለም። ሌሎች አውሮፕላኖችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች እንዲያውቁት፣ አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ቦታ ሳይመሰጥር በሬዲዮ ያሰራጫል።

የጦር አውሮፕላን ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ጦር ሚስጥራዊው የሬዲዮ ንግግርም፣ ለወታደር ብቻ የተዘጋጀው የጂፒኤስ ምልክትም የተመሰጠሩ ናቸው። ለመፍታት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉም ረጅም የቁጥር ሰንሰለት ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይዞት መጥቶ በኬብል ወደ አውሮፕላኑ ይጭነዋል። ማን እንደተረከበው ይመዘገባል። ጊዜው ሲያልፍ ይቀየራል። አውሮፕላኑ በጠላት እጅ ሊወድቅ ሲል ደግሞ ወዲያው ማጥፋት ይቻላል።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? በጣም እንጂ! የምስጠራው ሂሳብ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ቁልፉ ያለቦታው ከገባ ዋጋ የለውም።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በየግቢው አንድ "ስልክ አዋቂ" ልጅ አይጠፋም። አየር ጤና ሂዱ፣ አጠና ተራ ሂዱ፣ እናቶች "እስቲ ልጄ፣ ለእህቴ ብር ላኪልኝ" ብለው ስልኩን ከነሚስጥር ቁጥሩ ያቀብላሉ። እኛ ሰፈር የአራት ጎረቤት ሚስጥር ቁጥር በቃሉ የያዘ ልጅ አለ። ጨዋ ልጅ ነው። ግን አንድ ቀን ከአንዷ ስልክ 500 ብር ቢጎድል፣ ባይነካውም መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ያኔ ብሩ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ጉርብትናውም አብሮ ይሄዳል።

"ታዲያ መተማመን የለም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። አለ እንጂ! የጦሩ ባለሙያ የሚፈርመው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ ንጹሑ ሰው እንዲለይም ጭምር ነው። ጥንቃቄ ለታማኝ ሰውም ከለላ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ እማማን መርዳታችሁን አትተዉ፤ አረዳዳችሁን ግን ቀይሩ። ስልክ ቁጥሩንና የብሩን መጠን እናንተ አስገቡላቸው፤ ሚስጥር ቁጥሩ ላይ ስትደርሱ ስልኩን መልሱላቸውና ፊታችሁን አዙሩ። ቁጥራቸውን ቀድሞውኑ የምታውቁት ከሆነ፣ ዛሬውኑ አዲስ እንዲያወጡ አሳዩዋቸው። አዲሱን እንዳይነግሯችሁም አደራ በሏቸው።