የልጆቻችን የመጻጻፊያ መዝገብ



ከገርጂ ወላጆች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚደርሰን ጥያቄ አለ፤ «ልጄ በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባል ጭኖ ከጓደኞቹ ጋር ሲጻጻፍ ያመሻል። የጻፈውን ገልጬ ባነብ ነውር አለው?» የሚል። ማንበቡንስ በቀላሉ ማንበብ ይቻላል፤ ከባዱ ይገባል ወይ የሚለው ነው።

አስቀድመን ፕሮግራሙን እንወቀው። በሊኑክስና በሌሎች ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ ከታወቁት ባለመስኮት የመጻጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱ ፒጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጌይም ተብሎ ተጀምሮ በ2007 የአሁኑን ስም ያዘ። የአማርኛ ትርጉምም ተሠርቶለታል፤ በተርጓሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ የዳንኤል ያዕቆብን ስም እናገኛለን። ብጤው ሄክስቻት ግን በ2024 የመጨረሻውን ዕትም አውጥቶ ሥራው ቆሟል። ሁለቱም በነጻ የተሰጡ ናቸውና፣ በየሱቁ ያለ ፈቃድ ከሚጫነው ፕሮግራም ይልቅ ይህን የመረጠ ልጅ በዚህ በኩል ምስጋና እንጂ ቁጣ አይገባውም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፒጂን ተው ካልተባለ በቀር የተጻፈውን ሁሉ «ፐርፕል» በተባለ ስውር ፎልደር ውስጥ ይመዘግባል። በስፋት የሚሠራበት ሁለተኛው ዕትም ደግሞ የይለፍ ቃሉን እንዲያስታውስ ከታዘዘ፣ ቃሉን ሳይሸፍን እንዳለ በፋይል ያስቀምጠዋል። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት አውቀው ነው፤ ቁልፉ ከጎኑ የተቀመጠ ሣጥን ተቆልፏል አይባልም ባይ ናቸው። እንግዲህ አባትም እናትም ታናሽ ወንድምም በአንድ ስም በሚገቡበት ኮምፒውተር ላይ መዝገቡ ሳሎን ውስጥ እንደተዘረጋ ደብተር ነው።

ታዲያ ያ ደብተር የልጁ ብቻ አይደለም። ጓደኛው ስለ ቤቱ ችግር፣ ስለ እናቱ ሕመም ያጫወተው በውስጡ አለ፤ ያ ልጅ ደግሞ ለእኛ አልነገረንም። ሱረቱል ሑጁራት ተጀሱስን፣ ማለትም የሰውን ገመና መሰለልን ሲከለክል ወላጅን ለይቶ አላወጣም። ይሁንና ወላጅ በልጁ ተጠያቂ መሆኑ አይካድም፤ የማይታወቅ ትልቅ ሰው ልጅን ፎቶ ወይም ገንዘብ ሲጠይቅ ዝም አይባልም። በእኛ አስተያየት፣ ትንሹን ልጅ «አብሬህ አያለሁ» ብሎ ከመጀመሪያው መንገርና እሱ ባለበት ማየት ነው። ባሊግ የሆነውን ግን ጠርቶ ፊት ለፊት መጠየቅ ይሻላል። ሌሊት ተነሥቶ መዝገቡን መግለጥ ልጁን ከመደበቅ በቀር የሚያስተምረው የለም።

ዩኒክስ ከጥንት ጀምሮ አንዱን ማሽን ብዙዎች የሚጋሩት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፒጂን የይለፍ ቃሉን የያዘውን ፋይል ለባለቤቱ ብቻ እንዲነበብ አድርጎ ያስቀምጣልና፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከያዘው በስተቀር ሌላው አያየውም። ምዝገባውንም ከፕሮግራሙ ምርጫዎች ገብቶ ማጥፋት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ለጥገና ሱቅ ሲገባ ግን ዲስኩ ራሱ ካልተመሰጠረ ይህ ሁሉ አይበቃም፤ ከመስጠት በፊት ዲስኩን አስፈትቶ ቤት ማስቀረት ነው።